ለኢንተራክቲቭ ፊክሽን መጽሔት የጽሑፍ ሐሳብ ከየት ይገኛል?

ስለ ኢንተራክቲቭ ፊክሽን ለመጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጨዋታዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ምን ብዬ ልጻፍ?» ጥያቄው ይገባኛል። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አድሮ ጠዋት ለመጻፍ ሲቀመጥ «ደስ ይላል፣ ሞክሩት» ከማለት የሚያልፍ ቃል ያጣል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ለዘርፉ አዲስ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ፦ ኢንተራክቲቭ ፊክሽን አንባቢው ራሱ እየመራ የሚያነበው ልቦለድ ነው። በአንደኛው ዓይነት አንባቢው «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «መብራቱን አንሳ» እያለ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ትእዛዙን ፈትቶ የሚሆነውን ይነግረዋል። ትእዛዙን የሚፈታው የፕሮግራሙ ክፍል ፓርሰር ስለሚባል ጨዋታዎቹም የፓርሰር ጨዋታዎች ይባላሉ። በሌላው ዓይነት ደግሞ አንባቢው ከቀረቡለት ምርጫዎች አንዱን ይነካል። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ትዋይን የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህን ዓይነቱን ሥራ ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ሰው ሳይቀር ከፍቶለታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ ሞክሬ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ጥሩ የጽሑፍ ሐሳብ የሚገኘው ጨዋታውና ተጫዋቹ ሳይግባቡ በቀሩበት ቦታ ላይ መሆኑን ነው። ተጫዋቹ አንድ ነገር ጠበቀ፣ ጨዋታው ሌላ መለሰ። እዚያ ክፍተት ውስጥ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄ ካለ ደግሞ ጽሑፍ አለ። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ያንን ክፍተት ለማግኘት የሚረዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ስትጫወቱ መዝገብ ያዙ

አብዛኞቹ የፓርሰር ጨዋታዎች ንግግራችሁን በሙሉ ፋይል ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ አላቸው፤ በእንግሊዝኛ «ስክሪፕት» ወይም «ትራንስክሪፕት» ብላችሁ ትጽፉላቸዋላችሁ። ጨዋታውን እንደከፈታችሁ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳትሄዱ፣ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። በትዋይን ለተሠሩት ግን እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ስለማይኖር የነካችሁትን ምርጫ በደብተር መጻፍና የገረማችሁን ገጽ ስክሪን ሾት ማንሳት ግድ ነው።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጨዋታ ለሰጠኝ መልስ ብቻ ሙሉ ጽሑፍ ልጽፍ አስቤ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ቃል በቃል ልጠቅስ ስመለስ በየትኛው መንገድ እንደደረስኩበት ጠፋኝ። አራት ጊዜ ከመጀመሪያው ተጫውቼ አላገኘሁትም። ጽሑፉም ቀረ።

መዝገቡ ካለ በኋላ ከጎኑ ደብተር ያስፈልጋል። በደብተሩ ላይ ግምገማ አትጻፉ፤ «ቆንጆ ነው»፣ «ይከብዳል» ብሎ መጻፍ በኋላ ምንም አይሰጥም። የሆነውን ብቻ ጻፉ። ከራሴ ደብተር አንዱን ልስጣችሁ። ኤሚሊ ሾርት በ2000 ባወጣችው «ጋላቴያ» ውስጥ ያለው አንድ አዳራሽና አንዲት በሕይወት ያለች ሐውልት ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ያናግራታል፣ ስለዚህም ስለዚያም ይጠይቃታል። ሥራው በደርዘን የሚቆጠሩ መጨረሻዎች አሉት። ደብተሬ ላይ ያለው ማስታወሻ አንድ መስመር ነው፦ «ያንኑ ጥያቄ ትናንት ጠይቄያት ሌላ መልሳልኝ ነበር። ዛሬ ከሱ በፊት ምን ብያት ነው?» ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የመልሷ ቃና ከዚያ በፊት እንደነበረው አነጋገሬ የሚለወጥ መሆኑን አየሁ። ከዚያች አንድ መስመር የወጣው ጥያቄ «ገጸ ባሕርይ ኩርፊያን እንዴት ያስታውሳል?» የሚል ሲሆን አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይሸከማል።

ደረጃ 2፦ ክዳኑን ክፈቱት

ይህ ብዙ ሰው የማይሞክረው ደረጃ ነው። በትዋይን የተሠራ ሥራ በአብዛኛው አንድ ፋይል ነው። ፋይሉን አውርዳችሁ ራሱ ትዋይን ውስጥ ስታስገቡት ታሪኩ በሙሉ በሣጥኖችና በቀስቶች ተያይዞ ይዘረጋላችኋል። ብዙ ምርጫ ያለው የመሰላችሁ ሥራ ሁሉም መንገድ ተመልሶ አንድ ሣጥን ላይ ሲገናኝ ታያላችሁ፤ ጠባብ የመሰላችሁ ደግሞ ማንም የማይደርስበት ሰፊ ጓዳ ይኖረዋል። ሲጫወቱ የተሰማና ካርታው ላይ የሚታይ ካልተገናኙ ጽሑፋችሁን አገኛችሁ ማለት ነው። ካርታውን ለማተም ካሰባችሁ ግን ደራሲውን አስፈቅዱ፤ የጓዳ ነገር ነውና።

ለድሮዎቹ የፓርሰር ሥራዎችም መንገድ አለ። በ1979 የተመሠረተው ኢንፎኮም በዘመኑ ትልቁ የዘርፉ አሳታሚ ነበር። አብዛኞቹ ጨዋታዎቹ የተጻፉበትን ኮድ ጄሰን ስኮት በ2019 በይፋ አውጥቶታል። ኮድ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ተጫዋቹ ሊጽፈው ይችላል ተብሎ የተዘጋጀውን ቃልና ለየሞኝ ትእዛዙ የተቀመጠለትን መልስ ማየት አያቅታችሁም። ደራሲው ማንን እያሰበ ይጽፍ እንደነበር እዚያ ይታያል።

ደረጃ 3፦ የተባለውን እወቁ፣ የተዘለለውን ፈልጉ

የዘርፉ መጽሔት ታሪክ ረጅም ነው። ስፓግ በ1994፣ ኤክስ-ዋይ-ዚ-ዚ-ዋይ ኒውስ ደግሞ በ1995 ነው የጀመሩት፤ የሁለተኛው ስም የተወሰደው የዘርፉ የመጀመሪያ ጨዋታ በሆነው «አድቬንቸር» ውስጥ ካለ አስማታዊ ቃል ነው። ከ1992 ጀምሮ ጨዋታዎችንና ጽሑፎችን የሚያከማቸው አይኤፍ አርካይቭም አለ። አንድ ሐሳብ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉት። ተጽፎ ካገኛችሁት አትዘኑ፤ ከ25 ዓመት በፊት የተጻፈ ጽሑፍ ያነሳው ጥያቄ ዛሬ መልሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ አይኤፍዲቢ ሂዱ። ማይክ ሮበርትስ በ2007 የጀመረው ይህ የመረጃ ቋት ለእያንዳንዱ ሥራ ተጫዋቾች የሰጡትን ኮከብ ያሳያል። እኔ አማካዩን አላየውም። የማየው ክፍፍሉን ነው፤ ግማሹ ሰው 5 ኮከብ፣ ግማሹ 1 ወይም 2 የሰጠውን ሥራ እፈልጋለሁ። ሁሉም የወደደው ሥራ ላይ የምጨምረው ብዙ የለኝም። ሰው የተከፋፈለበት ሥራ ግን ሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጠብቀው እንደመጡ ይነግረኛል፤ እነዚያን ሁለት ሰዎች መለየት የጽሑፉ ሥራ ይሆናል።

ውድድሮቹንም ተመልከቱ። አይኤፍኮምፕ የተባለው ዓመታዊ ውድድር በ1995 ሲጀመር 12 ሥራዎች ነበሩት፤ በ2020 ከ100 በላይ ሆነዋል። ዳኞቹ ተራ ተጫዋቾች ሲሆኑ ነጥብ የሚሰጡት ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ባዩት ላይ ነው። ይህች የሁለት ሰዓት ደንብ የሥራዎቹን ርዝመት፣ አጀማመርና የእንቆቅልሽ ክብደት እንዴት እንደቀረጸች ማጥናት የሚፈልግ ሰው ለዓመታት የሚበቃ ሐሳብ አለው። የ«10 ምርጥ ጨዋታዎች» ዝርዝር ግን አትላኩ። የትኛውም አዘጋጅ ጠግቦታል፤ አንባቢም አንብቦ ይረሳዋል።

ደረጃ 4፦ ተነሥታችሁ ሂዱ

በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ሁሉ አብልጬ የምወደው ጥናት የተገኘው ከኮምፒውተር ርቆ ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታ «አድቬንቸር» ይባላል። የጻፈው ዊል ክራውተር ፕሮግራመርም ዋሻ አሳሽም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሚስቱ ከተፋታ በኋላ ለሴት ልጆቹ እንዲሆን ብሎ በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ክፍል ጨዋታ አደረገው። ዶን ዉድስ በ1977 አስፍቶ ካወጣው በኋላ ግን የክራውተር የመጀመሪያ ቅጂ ጠፍቶ ቀረ። ምን ያህሉ የክራውተር፣ ምን ያህሉ የዉድስ እንደሆነ ሰው በግምት ብቻ ይናገር ነበር።

ዴኒስ ጀርዝ የተባለ መምህር ጥያቄውን ተከተለ። የክራውተር ኮድ በስታንፎርድ ከተቀመጠ የዉድስ የተማሪነት ጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ተገኘ። ጀርዝ በዚያ አላበቃም፤ በ2005 ከዋሻ አሳሾች ጋር ራሱ ኬንታኪ ሄዶ ዋሻው ውስጥ ገባ፤ ጨዋታው ላይ የተጻፈውን ከድንጋዩ ጋር አመሳከረ። በ2007 ያሳተመው ጥናትም የክራውተር ገለጻ እውነተኛውን ዋሻ ምን ያህል በታማኝነት እንደሚከተል አሳየ። ለሰላሳ ዓመት ብዙ ሺህ ሰው የተጫወተው ጨዋታ ነው፤ ጽሑፉን ያገኘው ግን «ይህ ቦታ አለ ወይ?» ብሎ የሄደው ሰው ነው።

ሁላችንም ኬንታኪ መሄድ አንችልም፤ ግን ወደ ሰው መሄድ እንችላለን። ቃለ መጠይቅ ስታስቡ ሁሉም የሚጠይቀውን ደራሲ ትታችሁ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት የፈተነውን ሰው፣ የተረጎመውን፣ ሽፋኑን የሣለውን ጠይቁ። ዓይነ ስውር ተጫዋቾችንም ፈልጉ። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ጨዋታ በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ስለሚነበብ ይህ ዘርፍ ለእነሱ ከሌሎች ጨዋታዎች የተሻለ በር ከፍቷል፤ ሆኖም በሩ የሚዘጋባቸው ቦታዎች አሉ። ከአንድ ዓይነ ስውር ተጫዋች አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ድምፁ የቱ ጋ ዝም እንደሚል ማዳመጥ ብቻ ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ በራሳችሁ ቋንቋ ጠይቁ

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ሌላው ጋ የሌለ ሀብት አለው። ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

በእንግሊዝኛ ጨዋታው ተጫዋቹን የሚጠራበት ቃል አንድ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አይለይም። በአማርኛ «ጨለማ ክፍል ውስጥ ነህ» ብሎ የጀመረ ደራሲ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንባቢዋን አስወጥቷታል። «ነሽ» ቢል ሌላውን ያስወጣል። «ነዎት» ቢል ጨዋታው አንባቢውን እንደ እንግዳ ያከብረዋል፤ ግን አስፈሪ ዋሻ ውስጥ ሆኖ «እርስዎ» መባል ፍርሃቱን ያቀዘቅዘዋል። ይህን መመሪያ ራሱን «እናንተ» እያልኩ የጻፍኩት ከዚሁ ጣጣ ለማምለጥ ነው፤ ብቻውን ለሚጫወት አንባቢ ግን «እናንተ» አይሆንም።

ወደ ትእዛዙ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። አንዲት ተጫዋች በሩን ለማስከፈት ምን ትጽፋለች? «በሩን ክፈት» ወይስ «በሩን ክፈቺ»? ልብ በሉ፣ የትእዛዙ ጾታ የሚናገረው ስለ ታዛዡ እንጂ ስለ አዛዧ አይደለም። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ወንድ ከሆነ «ክፈት» ትለዋለች። ታሪኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ ብላ ካሰበች ግን ራሷን «ክፈቺ» ብላ ታዛለች ወይስ «እከፍታለሁ» ትላለች? ኮምፒውተሩን የምታዝ ከመሰላትስ? ተጫዋቹ ማንን እያናገረ እንደሆነ የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ አማርኛ ግን በአንድ ፊደል ያወጣዋል። አምስት ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ፣ አንድ ክፍል በቃል ግለጹላቸው፣ ትእዛዛቸውን በወረቀት እንዲጽፉ አድርጉ። ማን «ክፈት»፣ ማን «ክፈቺ»፣ ማን «ልክፈት» እንዳለ ቁጠሩ። አምስቱ ወረቀቶች የጽሑፋችሁ ማስረጃ ናቸው።

የፊደል ጉዳይም አለ። ተጫዋቹ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሃይ»። ለሰው አንድ ቃል ነው፤ ለፓርሰር ሦስት። «መብራት አንሳ» እና «መብራቱን አንሳ» አንድ ናቸው ወይስ የመጀመሪያው የትኛውንም መብራት ነው? ግሡ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ፣ በግሥ የሚጀምር ትእዛዝ እንዲፈታ የተሠራ ፓርሰር ምን ያህሉን ማፍረስ ይጠይቃል? ግራሃም ኔልሰን በ1993 ላወጣው ኢንፎርም ለተባለው መሣሪያ ተጫዋቹ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ እንዲያዝ የሚያስችሉ ሥራዎች ተሠርተዋል። የእነዚያን ሠሪዎች ልምድ ጠይቆ ከአማርኛ ጋር ማነጻጸር ማንኛውም የዘርፉ መጽሔት በደስታ የሚያትመው ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እንቆቅልሽ አለን። ኒክ ሞንትፎርት በ2003 ባሳተመው ጥናት ኢንተራክቲቭ ፊክሽንን ከእንቆቅልሽ ጋር አዛምዶ መርምሮታል። እኛ ደግሞ እንቆቅልሽን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ማታ ማታ እሳት ዙሪያ ተጫውተነዋል። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» አላወቅክም? «አገር ስጠኝ!» ጎንደርን ትሰጠዋለህ፣ እምቢ ካለ ሐረርን ትጨምራለህ፤ እሱም አገሩን ተቀብሎ፣ ገብቶበት፣ በልቶ ጠጥቶ መልሱን ይነግርሃል። ይህ ደንብ ነው፤ መሸነፍ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ራሱ ሌላ ጨዋታ ነው። አሁን ከኢንፎኮም ጋር አስተያዩት። በ1980ዎቹ ኩባንያው መፍትሔው ለጠፋባቸው ተጫዋቾች በማይታይ ቀለም የታተመ የፍንጭ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር፤ ተጫዋቹ በልዩ እስክርቢቶ ሲቀባው ፍንጩ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይወጣል። ያም ዋጋ ነበረው፣ ያም ቀስ ብሎ ይገለጥ ነበር። በዛሬ ጨዋታዎች ግን መልሱ በአንድ መነካት ይመጣል። እነዚህን ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ጽሑፍ ነው።

ደረጃ 6፦ አጥሩት

እስከዚህ ድረስ ከመጣችሁ ደብተሩ ሞልቷል። አሁን እያንዳንዱን ማስታወሻ በጥያቄ ምልክት የሚያበቃ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉት። «ስለ እንቆቅልሽ በጨዋታዎች ውስጥ» ርዕስ ነው፤ አይጻፍም፣ ማለቂያ የለውምና። «መልስ ማየት ነጻ ሲሆን ተጫዋቹ እንቆቅልሹ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል?» ጥያቄ ነው፤ አሁን ማንን ጠይቄ፣ ምን ቆጥሬ እንደምጽፍ አውቃለሁ። ጥያቄ መሆን ያልቻለውን ማስታወሻ አትጣሉት፤ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት።

ቀጥሎ ማስረጃው እጃችሁ ላይ መኖሩን ተመልከቱ። መዝገቡ፣ ካርታው፣ አምስቱ ወረቀቶች፣ የሰውየው ቃል፤ ከእነዚህ አንዱ ከሌለ ገና አልደረሰም። ማስረጃ ያለውና መልሱን ራሳችሁ ገና የማታውቁት ጥያቄ ከተገኘ እሱን አስቀድሙ። መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ጽሑፍ ሲነበብ ያስታውቃል።

ደረጃ 7፦ ለአዘጋጁ አምስት መስመር ጻፉ

ሙሉውን ጽሑፍ ጽፋችሁ አትላኩ። አዘጋጁ የሚፈልገው ጥያቄውን፣ ማስረጃውን፣ ርዝመቱንና እናንተ ለምን ለዚህ ጽሑፍ እንደምትሆኑ ነው። ከላይ ያነሳሁትን የእንቆቅልሽ ሐሳብ ቢሆን እንዲህ እልክ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። በኢትዮጵያ እንቆቅልሽ መልሱ ያቃተው ሰው አገር ሰጥቶ ነው መልሱን የሚገዛው። ኢንፎኮም በ1980ዎቹ ፍንጭ በማይታይ ቀለም ይሸጥ ነበር። ዛሬ ፍንጭ በነጻ ይገኛል። ተጫዋች ሽንፈቱን የሚከፍልበት መንገድ ሲለወጥ እንቆቅልሹ ራሱ እንዴት እንደሚለወጥ በ1800 ቃላት ማሳየት እፈልጋለሁ። የሦስት ጨዋታዎች መዝገብና በልጅነታቸው እንቆቅልሽ የተጫወቱ የሁለት ሽማግሌዎች ቃል አለኝ። ጽሑፉ የአንዱን ጨዋታ መፍትሔ ስለሚገልጥ አንባቢን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር አትርሱ። የጨዋታን መፍትሔ ሳያስጠነቅቁ መግለጥ በዚህ ዘርፍ ነውር ነው፤ አዘጋጁም ይህን እንደምታውቁ ሲያይ ያምናችኋል።

የምትልኩበትን ጊዜም ምረጡ። አይኤፍኮምፕ በመጸው ስለሚካሄድ ስለ ውድድሩ ሥራዎች መጻፍ የሚፈልግ ሰው ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት ቢጽፍ አዘጋጁ ቦታ ይይዝለታል። በወር ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትህትና አስታውሱ። ያም ካልተመለሰ ሐሳቡን ለሌላ መጽሔት ላኩ፤ መዝገቡን ግን በሁለት ቦታ አስቀምጡ።